ሽንፈትም ሜዳ ይፈልጋል

በ2015 ዓ.ም. ሁለት ቡድኖቼ ሁለተኛ ወጡ። አንደኛው አርሰናል ነው፤ ሌላው ባሕር ዳር ከተማ። ለአርሰናል የታዘነውን ያህል ግን ለባሕር ዳር አልታዘነም። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። እኔም ራሴ አምርሬ ያዘንኩት ለአርሰናል ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣና ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ በዲኤስቲቪ ኳስ የሚያሳይ አንድ ሻይ ቤት አለ፤ ደንበኛ ነኝ። አርሰናል የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሊጉን ሲመራ ከርሞ መጨረሻ ላይ ለማንቸስተር ሲቲ ያስረከበ ጊዜ ቤቱ ልቅሶ ቤት መሰለ። አንዱ ሌላውን ‹‹እግዜር ያጥናህ›› ይለዋል። የማንቼ ደጋፊዎች ያሾፋሉ፣ እኛ እንመልሳለን፣ አሰልጣኙን እናማለን፣ ተከላካዩን እንራገማለን። አምሽተን ስንወጣ ቀለል ብሎን ነበር። ለንደንን በዓይናችን ያላየን ሰዎች በወግ በማዕረግ አዝነን ተለያየን።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የእኛዎቹ፣ የጣና ሞገዶቹ፣ ዋንጫውን ለቅዱስ ጊዮርጊስ ለቀቁ። በዚያ ሰሞን ጨዋታቸውን ለማየት እዚያው ሻይ ቤት ገባሁ። ስንት ሰው እንደነበረ ልንገራችሁ? ከነአስተናጋጇ ስድስት። ፊሽካው እንደተነፋ ባለቤቱ ሪሞቱን አንስቶ ‹‹ጋሼ፣ ሌላ ቻናል ላድርገው?›› አለኝ። ‹‹አድርገው›› አልኩት። አለቀ። እግዜር ያጥናህ ያለኝም፣ ያልኩትም ሰው የለም።

‹‹ሁለተኛ መውጣት ደግሞ ምን ያሳዝናል?›› የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው። ቡድኑ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያደገው ለ2011 ዓ.ም. ውድድር ነው። በአምስተኛ ዓመቱ፣ ያውም አንዱ ዓመት በኮሮና ምክንያት ተሰርዞ፣ ሁለተኛ መሆን የሚያስጨበጭብ ነው። ግን እኮ እሱም ነው ያስገረመኝ። ማዘኑ ቢቀር ለምን አላጨበጨብንም?

መልሱን ያገኘሁት ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ሻይ ቤቱን ለቅቄ ስወጣ ተሳፈርኩ። ከመስታወቱ ላይ የቡድኑን ስካርፍ አንጠልጥሏል፤ ጸሐይ በልቶት ቀለሙ ለቋል። ወሬ ለመጀመር ብዬ ‹‹ዘንድሮም ጊዮርጊስ በላት አይደል?›› አልኩት።

‹‹ተዉኝ እባክዎ ጋሼ›› አለኝ። ‹‹እናቴ ለቡድኑ እንድትሳልልኝ ብለምናት፣ ደብሯ እዚህ ሐይቁ ዳር ያለው ጊዮርጊስ ነው። ‹ጊዮርጊስን ለጊዮርጊስ እንዴት አድርጌ ልክሰሰው› አለችኝ።››

ሳቅን። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ ግን ይህን ጨመረ፦ ‹‹ድሮ እኮ ብንሸነፍም በእግራችን እየተሳደብን እንመለስ ነበር። አሁን ከማን ጋር ልሳደብ? ከቴሌቪዥኑ ጋር?››

ያኔ 2011 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። ከትልቁ ስታዲየም ስንወጣ መንገዱን ሞልተን እንሄዳለን። ነጥብ ጥለን የወጣንበት ቀን ደግሞ ጉዞው ይረዝማል። የማላውቀው ሰው ትከሻዬን ይዞ ‹‹አሁን ያ ኳስ ይሳታል?›› ይለኛል፣ እንደ ወንድሙ። የባንክ ሥራ አስኪያጁና ሊስትሮው እኩል ይከራከራሉ። ቆሎ ሻጯ ሳትቀር አስተያየት ትሰጣለች። ዘንባባዎቹ ሥር ስንደርስ ግማሹ ንዴት በርዷል፤ ቤት ስንገባ የሚቀረው ‹‹በሚቀጥለው እናያለን›› የሚለው ብቻ ነው። ሽንፈት የሚሞተው መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ያ መንገድ ቀረ። ኮሮና መጣ፤ የቴሌቪዥን ስርጭቱም ተጀመረ። ጨዋታዎቹ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ በተመረጡ ሜዳዎች ይካሄዱ ጀመር። ለባሕር ዳር ተራ ሲደርሳት ጥቂት ሳምንት እናያለን፤ ከዚያ ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሐዋሳ ሲጫወቱ በእኛና በእነሱ መካከል ከስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። መቼም የስርጭቱን ጥቅም አልክድም። ክለቦች ገንዘብ አግኝተውበታል፤ ልጆቻችንም በመላው አፍሪካ ታይተዋል። ግን ቡድን ቴሌቪዥን ውስጥ ሲገባ ከአርሰናል እኩል ሩቅ ይሆናል። እኩል ሩቅ ከሆኑ ደግሞ ሰው የሚመርጠው ጎልቶ የሚታየውን ነው።

የሜዳ ነገር ከተነሳ ትልቁን ስታዲየማችንን አልዘለውም። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፈው እዚያ ነው። መጋቢት 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረትቶ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የቀረበውም እዚያው። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፍን። ከዚያ ወዲያ ስታዲየሙ መስፈርት አያሟላም ተብሎ በካፍ ታገደ። ብሔራዊ ቡድኑ በ‹‹ሜዳው›› ጋናን የገጠመው ጆሃንስበርግ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ግብፅን አሸንፎ ጎዳና ላይ ሳይጨፍር በሰው አገር ሻንጣውን የሚሸክም ቡድን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለካ ደስታም ሜዳ ይፈልጋል።

ሁለተኛ በመውጣቱ ባሕር ዳር ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አለፈ። ጊዜው ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፤ በከተማችን ተኩስ ተሰምቷል፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል። በዚህ መሃል ልጆቹ የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ጣሉት። እኔ የሰማሁት አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ደውሎ ነው። ‹‹አለፋችሁ እኮ!›› አለኝ። መጀመሪያ የመሰለኝ ከሌላ ነገር ያለፍን ነው። ኳስ መሆኑን ሲነግረኝ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ጎረቤቴም ወጥቶ ቆሟል። ‹‹አለፍን›› አልኩት በለሆሳስ። ‹‹ተመስገን›› አለ፣ እሱም በለሆሳስ። ሁለታችንም ወደ ቤታችን ገባን።

በሚቀጥለው ዙር የቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን አስወጣን። የዚያን ቀን ማንም አልደወለልኝም።

የባጃጁን ልጅ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። ባገኘው የምነግረው አለኝ፤ ዋንጫ ካልበላን ብዬ የምሟገት ሰው አይደለሁም። ሜዳው ተከፍቶ፣ ሰላም ሆኖ፣ ቡድናችን እዚሁ ከተማው ውስጥ 3 ለ 0 ቢሸነፍ ይበቃኛል። በእግራችን እየተሳደብን እንመለሳለን። ቆሎውን እኔ እገዛለሁ።