የጠራ ታንኳና የደፈረሰ ውሃ

ሰው በዓይኑ ያላየውን ነገር መርሳት ይቀለዋል። በደጁ ያለውን ዛፍ ቢቈርጡበት ይጮኻል፤ በውሃ ውስጥ ያለው ሣር ሲጠፋ ግን መጥፋቱን እንኳ አያውቅም። የውሃ ፊት እንደ መጋረጃ ነውና፣ ከበላዩ የሚያልፈው መንገደኛ የሰማዩን ደመናና የራሱን መልክ አይቶ ይሄዳል። ከታች የሚወለደውና የሚሞተው ለርሱ እንደሌለ ነው። ይህን መጋረጃ ለጥቂት ሰዓት የሚገልጥ አንድ ዓይነት ጕብኝት በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ዳርቻ ተለምዶአል። ጐብኚዎች ወለሉ እንደ መስታወት በሚያሳይ ታንኳ ተቀምጠው፣ መንገዱን የሚያውቅ መሪ እየመራቸው፣ በማንግሮቭ ዛፎች መካከል ያልፋሉ። በዚህ ጕብኝት ከመዝናናት በላይ ለሆነ ትምህርት ምክንያት የሚሆን ነገር አለበት። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ፍሎሪዳ ከአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ወደ ባሕር የወጣ ሞቃት ምድር ነው። በዳርቻው ያለው የማንግሮቭ ዱር 600,000 ኤከር ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ማንግሮቭ ሌላ ዛፍ በማይኖርበት ስፍራ የሚኖር ዛፍ ነው። የባሕር ጨው ብዙውን ተክል ይገድላል፤ ማንግሮቭ ግን ጨውን የሚያሸንፍበት ብልኀት አለው። ቀዩ ማንግሮቭ ውሃውን ሲስብ አብዛኛውን ጨው ከሥሩ ውጭ ያስቀረዋል። ጥቁሩ ማንግሮቭ ደግሞ የሳበውን ጨው በቅጠሉ በኩል ያወጣዋል፤ ቅጠሉን በምላሱ የነካ ሰው ጨው ጨው ይለዋል። ቀዩ ሥሩን ከግንዱ እንደ ቅስት እያጐነበሰ ወደ ውሃ ስለሚሰድ፣ ዛፉ በብዙ እግር የቆመ ይመስላል። ዘሩም ገና በእናቱ ቅርንጫፍ ላይ ሳለ ይበቅላል። እንደ እርሳስ የቀጠነና የረዘመ ቡቃያ ሆኖ ሲወድቅ፣ ጭቃ ያገኘ እንደ ሆነ እዚያው ይተከላል፤ ያላገኘም እንደ ሆነ ብዙ ወራት በባሕር ላይ ተንሳፎ ሌላ ዳርቻ ይፈልጋል።

ይህ ዛፍ ለብዙ ፍጥረት ቤት ነው። የተጠላለፈው ሥሩ የማዕበልን ኀይል ይሰብራል፤ ጭቃውንም ይይዛል። የወደቀው ቅጠሉ ሲበሰብስ ለደቃቃን እንስሶች ምግብ ይሆናል፤ እነርሱን ደግሞ ትንንሾቹ ዓሣዎች ይበላሉ። በጥልቁ ባሕር የሚጠመዱት ብዙዎቹ ዓሣዎች የልጅነታቸውን ጊዜ በነዚህ ሥሮች መካከል ተሸሽገው የኖሩ ናቸው። ስለዚህ የፍሎሪዳ መንግሥት ማንግሮቭን ሰው ሁሉ እንደ ፈቃዱ እንዳይቈርጠው በ1996 ሕግ አውጥቶአል።

ጐብኚዎቹ የሚቀመጡበት ታንኳ ካያክ ይባላል። ካያክን የፈጠሩት በሰሜን በበረዶ አገር የሚኖሩት የኢንዊት ሕዝብ ናቸው። የጣና ሰዎች ታንኳቸውን ከደንገል እንደሚያስሩት፣ እነርሱም ባሕር ካመጣው እንጨት ወይም ከዓሣ ነባሪ አጥንት አጽሙን ሠርተው አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ቆዳ ያለብሱት ነበር። ድምፅ ሳያሰማ ወደ አውሬው የሚቀርብ የአዳኝ ታንኳ ነበረ። ዛሬ በፍሎሪዳ የሚቀዘፈው ግን ፖሊካርቦኔት ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ እንደ መስታወት ያሳያል፣ እንደ መስታወት ግን በቀላሉ አይሰበርም። ለመግደል መቅረቢያ የነበረው ዕቃ እንዲህ ሆኖ ለማየት መቅረቢያ ሆነ። ይሁን እንጂ ይህ ታንኳ አንድ ድካም አለው፤ አሸዋና የዛጎል ስለት ይጭረዋል። በተጫረም መጠን እየደበዘዘ ይሄዳል። ጠንቃቃ መሪ ታንኳውን በአሸዋ ላይ አይጐትትም፤ ከሌላ ሰው ጋራ ተሸክሞ ወደ ውሃ ያገባዋል እንጂ።

ጕዞው ከመጀመሩ በፊት መሪው ለሁሉም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ያለብሳቸዋል፤ መቅዘፊያውንም እንዴት እንደሚይዙ ያሳያቸዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ዝምታ ይነግራቸዋል። በዝግታ የቀዘፈ ብዙ ያያል፤ የቸኰለና የጮኸ ግን የሸሸውን ወፍ ጅራት ብቻ ያያል። ቅርንጫፎቹ ከላይ ተገናኝተው ጣራ ወደ ሠሩበት ጠባብ የውሃ መንገድ ሲገቡ ፀሐይ ትጋረዳለች፤ ነፋሱም ይቆማል። በሥሮቹ ላይ ትንንሽ ሸርጣኖች ይወጣሉ ይወርዳሉ። በወለሉ በኩል የታች አሸዋና በሥሩ ዙሪያ የሚርመሰመሱት ጫጩት ዓሣዎች ይታያሉ። ከነዚህ የውሃ መንገዶች አንዳንዶቹ ሰው የቈፈራቸው ናቸው። በታምፓ ወሽመጥ አጠገብ ባለችው በዊደን ደሴት፣ ጐብኚዎች ዛሬ የሚቀዝፉባቸው ቦዮች ትንኝን ለማጥፋት በ1950ዎቹ ዓመታት የተቈፈሩ ናቸው። ሰው ለአንድ ጕዳይ የሠራው ሥራ ለልጅ ልጁ ሌላ ትርጕም ይኖረዋል፤ መልካምም ይሁን ክፉ።

ጐብኚው ሁሉ ሊያየው የሚመኘው ግን ማናቲ የሚባለውን የባሕር ላም ነው። ይህ እንስሳ ሣር በል ነው፤ ሥጋ አይበላም፣ ሰውንም አይጐዳም። የሙሉ ማናቲ ርዝመት ሦስት ሜትር ያህል፣ ክብደቱም አራት መቶ ኪሎና ከዚያ በላይ ይሆናል። በዝምድና ለዝሆን ይቀርባል። ትንፋሹን የሚወስደው ከአየር ስለ ሆነ፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አፍንጫውን ከውሃ በላይ ሳያወጣ መኖር አይችልም።

አንድ ቀን ከአባቱ ጋራ የመጣ የዐሥር ዓመት ልጅ በመሪው አጠገብ ሲቀዝፍ፣ አንድ ማናቲ ከዛፎቹ ጥላ ወጥቶ በታንኳቸው ሥር መጣና ቆመ። ልጁ በእግሮቹ መካከል ሰፊውን ግራጫ ጀርባ ባየ ጊዜ ደስታው ከልኩ አለፈና እጁን ወደ ውሃው ሰደደ።

መሪውም፣ «ልጄ፣ እጅህን መልስ፤» አለው።

ልጁም፣ «ጌታዬ፣ እርሱ ራሱ መጣ እንጂ እኔ አልሄድሁበትም፤» ብሎ መለሰ።

«እውነትህን ነው። ነገር ግን የሰው እጅ ያስለመደው እንስሳ ጀልባ ሁሉ ወዳጁ ይመስለዋል። ዛሬ ካንተ የለመደውን ነገ ከሞተር ጀልባ ይፈልጋል። እስኪ ጀርባውን ተመልከት።»

ልጁ በጠራው ወለል ቢመለከት፣ በእንስሳው ጀርባ ላይ ጐን ለጐን የተሰመሩ ነጫጭ ጠባሳዎች አየ። «ይህን ማን ቈረጠው?» አለ።

«የሞተር ጀልባ መዘውር ነው። እነዚህን እንስሶች የሚያጠኑ ሰዎች ብዙውን ጊዜ አንዱን ከአንዱ የሚለዩት በጠባሳው ነው።»

በዚህ ጊዜ የልጁ አባት ጥቂት ቅር ብሎት፣ «ገንዘብ ከፍለን የመጣነው ለመቅረብ አልነበረምን?» አለ። መሪውም በትሕትና፣ «እርስዎ የከፈሉት ለማየት ነው፤ እርሱ ግን ለመታየት ምንም አልተቀበለም፤» አለው። አባትየው ዝም አለ። ልጁም እጁን በጕልበቱ ላይ አኖረ። ማናቲው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ እፍ ብሎ ተነፈሰና ወደ ጥላው ተመለሰ።

መሪው የተናገረው ከራሱ ብቻ አይደለም፤ የአገሩ ሕግ ነው። ፍሎሪዳ ማናቲን የሚጠብቅ ሕግ መጀመሪያ ያወጣችው በ1893 ነበር። ከዚያም በ1972 እና በ1973 የወጡት የአሜሪካ ሕጎች፣ በ1978ም የፍሎሪዳ ሕግ፣ እንስሳውን ማሳደድን፣ ማወክንና መጕዳትን ከለከሉ። ውሃ ማጠጣትና መመገብ እንኳ ተከልክሎአል፤ ምጽዋት የሚመስለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ጕዳት ነውና።

ነገር ግን በእጅ አለመንካት ብቻ አልበቃም። በፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ 250 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ኢንዲያን ሪቨር ላጉን የሚባል ውሃ አለ። ስሙ ወንዝ ይባል እንጂ፣ በዋናው ምድርና በጠባብ ደሴቶች መካከል የተኛ ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ ነው። የጠራው ታንኳ በዚያም ይቀዘፋል። በዙሪያው ከተሞች ሲበዙ፣ ከአትክልት ስፍራ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከቤቶች የፍሳሽ ጕድጓድ የሚሰርገው እድፍ በዝናብና በምድር ውስጥ እየሄደ ወደ ውሃው ገባ። ማዳበሪያ በእርሻ ላይ እህልን እንደሚያበዛ፣ በውሃም ውስጥ አልጌ የሚባሉትን ደቃቃን ሕይወታውያን ያበዛል። በ2011 አልጌው ከመጠን በላይ በዝቶ ውሃውን አደፈረሰው። ብርሃን ወደ ታች መድረስ ተሳነው፤ ብርሃን ያጣው የባሕር ሣርም ሞተ። በኋለኞቹ ዓመታት ይህ ስለ ተደጋገመ ከሣሩ ከግማሽ የሚበልጠው ጠፋ።

ማናቲ የሚኖረው በዚህ ሣር ነው። በብርድ ወራት ወደ ሞቀ ውሃ ይሰበሰባል፤ ብርድ ይገድለዋልና ከዚያ ርቆ ምግብ ሊፈልግ አይደፍርም። በአቅራቢያው ያለው ሣር ባለቀ ጊዜ ብዙዎቹ በረኃብ ሞቱ። በ2021 በፍሎሪዳ ከ1,000 የሚበልጡ ማናቲዎች ሞቱ። በዚያ ዓመት ማብቂያ ባለሥልጣኖቹ በኬፕ ካናቬራል አጠገብ፣ ከኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚወጣ ሞቅ ያለ ውሃ ባለበት ስፍራ፣ ሰላጣ ይጥሉላቸው ጀመር። እስከ ብርዱ ማለቂያ የጣሉላቸው ሰላጣ ከ200,000 ፓውንድ በለጠ፤ በተከታዩም የብርድ ወራት እንደ ገና መገቡአቸው። ማንም እንዳይመግብ የሚከለክለው መንግሥት ራሱ መጋቢ ለመሆን ተገደደ። ሣሩን የገደለ አንድ ክፉ ሰው አልተገኘም። ሁሉም በየቤቱ ሣሩን አለመለመ፣ ሁሉም በየቤቱ ታጠበ፤ የሁሉም ጥቂት ጥቂት ተጠራቅሞ ጥፋት ሆነ።

«ሳይደፈርስ አይጠራም» የሚል ተረት አለ። ይህ ስለ ሰዎች ጠብና ዕርቅ የተነገረ እንደ ሆነ ደኅና ነው፤ ሰው ይጣላል፣ ይነጋገራል፣ ይታረቃል። የደፈረሰ የባሕር ወሽመጥ ግን ማደፍረሱን የማይተውበት ሰው እስካለ ድረስ ከቶ አይጠራም። በዚህ ውሃ ዳር ያለው የብሬቫርድ ወረዳ ሕዝብ ይህን አስተዋለ። በ2016 ድምፁን ሰጥቶ፣ ከሚገዛው ዕቃ ከየአንዱ ዶላር ላይ ግማሽ ሳንቲም ለ10 ዓመት ለውሃው መታደሻ እንዲከፈል ፈቀደ። ገንዘቡም የቤቶችን ፍሳሽ ከጕድጓድ ወደ ማጣሪያ ለማዞር፣ የዝናቡን ጎርፍ ለማጣራትና ከታች የተከማቸውን ዝቃጭ ለማውጣት ዋለ። ግማሽ ሳንቲም እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱም የመጣው በጥቂት በጥቂት ስለ ነበር መድኃኒቱ በዚያው መንገድ መምጣቱ የሚገባ ነው። በአንዳንድ ስፍራም ሣሩ መመለስ ስለ ጀመረ፣ በ2023 ማብቂያ የጀመረው ብርድ ሲመጣ ሰላጣ መጣሉ ቀረ። ሥራው ግን አልተፈጸመም፤ ሣር ሲጠፋ በጥቂት ወራት ነው፣ ሲመለስ በብዙ ዓመታት ነው።

ከዚህ ነገር የሚማር ሰው ሁለት ዓይነት ጥራት እንዳለ ያስተውላል። የታንኳውን ጥራት አንድ ፋብሪካ በቀን ይሠራዋል፤ የፈለገም በገንዘቡ ይገዛዋል። የውሃው ጥራት ግን አይሸጥም። ታንኳው ቢጠራ ውሃው ከደፈረሰ ምን ይታያል? ተሳፋሪው በመስታወት ላይ ተቀምጦ ጭቃ ያያል። የሰውም ትምህርት እንዲሁ ነው። ዓይንን የሚያጠራ መጽሐፍና መሣሪያ ቢበዛ፣ የሚታየው ነገር በሰው ቸልተኝነት ከጠፋ፣ ማየት መቻል የጸጸት መጀመሪያ ይሆናል።

ደግሞም ውሃውን የሚያደፈርሰውና የሚያጠራው በታንኳው ላይ የተቀመጠው ብቻ አይደለም። ከባሕሩ ርቆ በጓሮው ማዳበሪያ የሚበትነው ሰው ማናቲን አይቶ አያውቅም ይሆናል፤ የእጁ ሥራ ግን በዝናብ ቀን ወደርሱ ይሄዳል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ባየው ላይ ብቻ ሳይሆን ባላየውም ላይ እጁን ይሰበስባል። ከቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ ወዴት እንደሚወርድ ይጠይቃል፤ ከርሱ በታች ማን እንደሚጠጣም ያስባል።

የጠራ ታንኳ ማግኘት ለጥቂቶች የሚሆን ዕድል ነው። ውሃን ሳያደፈርሱ መኖር ግን ለሁሉም የተሰጠ ሥራ ነው።