ስለ አሮጌ መኪና ልጓም

አሮጌ የጀርመን መኪና ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ከእኛም ቤት ገብቷል። ልጃችን «መኪናችን ዳገት ላይ ትደክማለችና የሞተሯን ዙር መገደቢያ እናንሣላት» ይለናል። ነገሩ የብዙ ወላጆች ጉዳይ ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ማካፈልን ወደድን።

መገደቢያው ቀላል ነገር ነው። በዲስትሪብተሩ ውስጥ በምትዞረው እጅ ላይ በሞላ የተያዘች ትንሽ ክብደት ትገኛለች። በአንዳንድ መኪና ሞተሩ በደቂቃ 5400 ዙር ገደማ ሲደርስ ክብደቷ ወደ ውጭ ትወጣና እሳቱ ወደ ካንዴላ እንዳይደርስ ታደርጋለች። እጇን መገደቢያ በሌላት መለወጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ዕዳው ግን ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዙሩ በ20 በመቶ ሲጨምር ፒስተኑ ቢዬላውን የሚጎትትበት ኃይል በ44 በመቶ ያድጋል። የቫልቩም ሞላ መፍጠን ሲያቅተው ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ።

ደግሞም በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። የሞተሩ ድካም ከዚህ የመጣ ከሆነ ልጓሙን መፍታት አያበረታውም። ስለዚህ አስቀድሞ የቫልቩን ክፍተት፣ የእሳቱን ሰዓትና ካርቡራተሩን ማስመርመር ይበጃል እንላለን።

መገደቢያውን የተዉትም ቢሆኑ ሁሉን ነገር ለእርሱ አይተዉ። የዓባይን ሸለቆ ሲወርዱ ያለ ልክ ዝቅተኛ ማርሽ ቢያስገቡ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነውና የእሳቱ መቋረጥ አያድነውም። በዚያ ቁልቁለት ላይ ልጓሙ የነጂው አስተዋይነት ብቻ ነው፤ ከኋላው የተቀመጡትም እናቱና እኅቶቹ ናቸው።