አጎበሩ ሲረሳ

እንደ ፈረንጆቹ በ2019 በኢትዮጵያ የተመዘገበው የወባ ሕሙማን ቁጥር ወደ 900 ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር። ያኔ አጎበር የእህል መሸፈኛ ቢሆን ማን ይፈርዳል? በሽታው ሲርቅ መከላከያው ትርፍ ወጪ ይመስላል።

በ2024 አሥር ወር ባልሞላ ጊዜ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዘገበ። ጦርነቱ ጤና ኬላ ዘግቷል፣ ትንኟ ፀረ ተባዩን ተላምዳለች፤ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ደግሞ ከተማ ገብታ በውኃ በርሜል ትራባለች።

ታዲያ የርጭትና የአጎበር ጥቅም ዘንድሮ በታመመው ሰው ብቻ ከተለካ ሚዛኑ ያጭበረብራል። መለካት ያለበት ባይረጭ ኖሮ ይታመም በነበረው ነው። ወባ ደግሞ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ በአጨዳ ሰሞን ነው። መተማ ላይ አጫጁ ትኩሳት ይዞት ሲተኛ የሚረግፈውን ሰሊጥ የትኛው የጤና በጀት ቆጥሮት ያውቃል?