ግራ መስመር ላይ ማን ይግባ?

ሆሳዕና ላይ ክረምት ሲገባ ሁለት ነገር ይበዛል፤ ጭቃና አሠልጣኝ። ጭቃው መስከረም ሲጠባ ይደርቃል። አሠልጣኙ ግን እስከ ያሆዴ ድረስ አይበርድለትም። የሊጉ ውድድር ባለቀ ማግስት ባጃጅ ነጂው፣ የልብስ ነጋዴው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ ጡረተኛው ሁሉ አንድ ሥራ ይጀምራሉ፤ ተጫዋች ማስፈረም። ገንዘቡ የነሱ አይደለም። ተጫዋቹም ስለነሱ ሰምቶ አያውቅም። እነሱ ግን ያስፈርማሉ፣ ያሰናብታሉ፣ ውል ያራዝማሉ። የአንዱ ስም ሲነሳ ደግሞ ፋይሉ አብሮ ይመጣል፤ ዕድሜው፣ የትኛው ጉልበቱን እንደታመመ፣ ከየትኛው አሠልጣኝ ጋር እንደተጣላ።

ለሥራ እዚያ በኖርኩባቸው ሁለት ዓመታት ከዚህ ጉባኤ ብዙም አልቀረሁም። የሀገሩ ሰው ስላልሆንኩ ድምፅ አልነበረኝም። ቡናዬን እየጠጣሁ ማዳመጥ ግን ተፈቅዶልኝ ነበር። አንድ ነሐሴ ታዲያ ክርክሩ ሁሉ በአንድ ቦታ ላይ ተተከለ፤ ግራ መስመር።

«የመጀመሪያዎቹን 11 ካየን ቡድን አለን» አለ መምህሩ። «ችግሩ ወንበሩ ላይ ነው። 70ኛው ደቂቃ ላይ ክንፉ ሲደክም አሠልጣኙ ዞር ይላል። ማንን ያያል? ሁለት ተከላካይና አንድ በረኛ!»

«እኔ የማውቀው» አለ ባጃጅ ነጂው፣ «ቀኝ እግር ያለውን ልጅ ግራ ላይ እየወሰዱ አመድ አደረጉት። ኳስ በያዘ ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ተከላካዩ ደግሞ እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ጡረተኛው ጋሼ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልምድ ያለው ይምጣ።»

ከዚያ ስሞች ይዘንባሉ። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፣ ሰዎቹ ቤተሰብ አላቸው። ብቻ አንዱ በሦስት ዓመት አራት ክለብ የቀየረ፣ አንዱ ዓመቱን በጉዳት ያሳለፈ፣ አንዱ ደግሞ 31 ዓመት የሞላው ነበሩ። የ31 ዓመቱ ሰውዬ በድምፅ ብልጫ አሸነፈ።

መምህሩ ስለ ወንበሩ ያነሳው ነገር ቀልድ አይደለም። ኮሮና የመጣ ጊዜ፣ በ2012፣ ቡድኖች በአንድ ጨዋታ አምስት ተጫዋች እንዲቀይሩ ተፈቀደ። በ2014 ደግሞ ደንቡ ቋሚ ሆነ። አምስት ሰው ማለት ከበረኛው ውጪ ካለው ቡድን እኩሌታው ነው። በኛ ሊግ ላይ ሌላም ነገር ተጨመረበት። ከ2013 ጀምሮ ውድድሩ በቴሌቪዥን እንዲተላለፍ ተብሎ ክለቦቹ ሁሉ ወደ ጥቂት ከተሞች እየተሰበሰቡ ይጫወቱ ጀመር፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ጨዋታው በየጥቂት ቀኑ ይደጋገማል፣ ቡድኑ ሆቴል ውስጥ ወራት ይቀመጣል፣ እግር ይዝላል። እንዲህ ባለ ውድድር 11 ደህና ልጆች ይዞ የገባና 20 ይዞ የገባ እኩል አይሄዱም።

የደጋፊው ዕዳ ግን ሌላ ነው። ሀዲያ ሆሳዕና በ2008 ሊጉን ተቀላቅሎ እዚያው ዓመት ሲወርድ፣ በ2012 ሲመለስም፣ ሰው አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ገብቶ ያያቸው ነበር። ተጫዋቹን በቅርብ ያየ ሰው ብዙ ያውቃል፤ ማን ሲያሟሙቅ እንደሚለግም፣ ማን ሲቀየር ፊቱ እንደሚጠቁር። ከዚያ በኋላ «ነብሮቹ» የቴሌቪዥን ቡድን ሆኑ። ለዓመታት ደጋፊው የራሱን ክለብ ልክ እንደ አርሰናልና ማንቸስተር በየአዳራሹ ወንበር ላይ ተኮልኩሎ ነው ያየው። ካሜራ ደግሞ ኳሱን ይከተላል እንጂ ግራ መስመር ላይ ቆሞ እጁን የሚያውለበልበውን ልጅ አያሳይም። ስለዚህ ክርክሩ ስም ወደ መጥራት አዘነበለ። ያላዩትን ሰው በስሙ ካልሆነ በምን ይመዝኑታል?

ስሙም ቢሆን ሳይለመድ ይሄዳል። ዳዋ ሆቴሳ በ2013 ለነብሮቹ ተጫወተ። በጥር 2014 ያውንዴ ላይ ለብሔራዊ ቡድናችን ገና በአራተኛው ደቂቃ ካሜሩን ላይ ጎል ሲያስቆጥር (መጨረሻው 4ለ1 መሸነፍ መሆኑን ለጊዜው እንተወው)፣ እሱ ያኔ የአዳማ ከተማ ተጫዋች ነበር። ሆሳዕናዎች ግን ዛሬም ያቺን ጎል ሲያነሱ «የኛ ልጅ ያገባት» ነው የሚሉት። አልፈርድባቸውም። ክለቦቻችን አብዛኞቹ በመንግሥት በጀት ነው የሚንቀሳቀሱት። በጀት ዓመታዊ ነው፣ ውሉም እንደዚያው አጭር ነው፣ ፍቅሩም በዚያው ልክ። ፌዴሬሽኑ በ2011 ክረምት የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲወስን ገበያው ይበርዳል ተብሎ ነበር። የሆሳዕና ጉባኤ «በጎን ስንት ጨመሩለት?» የሚል አዲስ የመወያያ ርዕስ አገኘ እንጂ ሌላ ለውጥ አላየሁም።

ዱራሜዎችም ይህን መንገድ ሄደውበታል። ሐምበሪቾ ዱራሜ በ2016 የውድድር ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ክለቡ ስሙን የወሰደበት ተራራ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አለው፣ የሚወጣውም በ777 ደረጃ ነው። ቡድኑ ዓመቱ ሳያልቅ ሲወርድ የሆሳዕና ቀልደኞች ስለ ደረጃው ያሉትን ብጽፈው ከከምባታ ወዳጆቼ ጋር ያጣላኛል። በዚያ ዓመት ከዱራሜ የመጣ አንድ የጤና ባለሙያ ያለኝ ግን አይረሳኝም፤ «ሊጉ ከበደን ይላሉ። የከበደን ሊጉ አይደለም። አስራ ምናምን አዲስ ሰው በአንድ ክረምት ሰብስበህ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ታኅሣሥ ደረሰ።»

አሜሪካ የሚኖር አንድ ዘመድ አለኝ። እዚያ በእጅ የሚጫወቱት እግር ኳስ አለ፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድርም እንደ ብሔራዊ በዓል ነው። ደጋፊው ዓመቱን ሙሉ የሚሟገተው የትኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወደየትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል በሚለው ላይ ነው አለኝ። የ17 ዓመት ልጅ ሲሮጥና ኳስ ሲቀልብ የተቀረጸውን ፊልም እየደጋገሙ ያያሉ። «በሚቀጥለው ዓመት ቀላቢዎቻችን ሦስት ይመረቃሉ፣ ከኋላቸው ማን አለ?» ይባባላሉ። ይህም የራሱ እብደት አለው፣ ጢም ላላበቀለ ልጅ ያን ያህል ጭንቀት! ቢሆንም አንድ ነገር ቀናሁባቸው። የሚከራከሩት ገና ስለሚመጣው ልጅ ነው። እኛ ግን የምንከራከረው ሌላው ቡድን ስላሰናበተው ሰው ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ 19 ዓመቱ፣ ግራ እግር ነበር። አውቃለሁ፣ ጎረቤት የሆነ ልጅ ሁሉ ጎበዝ ይመስላል። እኔ ግን ሜዳ ድረስ ሄጄ አይቼዋለሁ። ከአንድ የሠፈር ፕሮጀክት ጋር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሠራል። መስመሩን ይዞ ሲወርድ ኳሷን ከእግሩ አያርቃትም፤ ተከላካዩ ሲጠጋው ግን ድንገት ይለቃትና ቀድሞ ይደርስባታል። ሁለት ጊዜ ሲያደርገው ሦስተኛውን ተከላካዩ ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ጉባኤው ላይ አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ አነሳሁት። ባጃጅ ነጂው ያውቀዋል፤ «ፈጣን ነው» አለ። መምህሩም የክፍል ጓደኞቹን አስተምሯል። ጋሼ፣ «ልምድ የለውም» አሉ። ወሬው ወደ 31 ዓመቱ ሰውዬ ተመለሰ።

ልጁ ራሱ ስለ ዝውውር አይከራከርም ነበር። የሱ ዝውውር ሌላ ነው። ታላቅ ወንድሙ ጆሀንስበርግ አካባቢ ሱቅ አለው። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች የወጣት ወግ ስታዳምጡ «መቼ ነው የምትሄደው?» የሚለው «ምን ትማራለህ?» ከሚለው በፊት ይመጣል። በአንድ መንገድ ላይ የምታዩት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃም፣ ቆርቆሮው የሚያብለጨልጨው የገጠር ቤትም የደቡብ አፍሪካ ነው። መሄዱ ውጤት አለው፣ የሚታይ ውጤት። ለዚህ ነው «አትሂድ» የሚለው ምክር ማንም ጆሮ የማይገባው።

የማይታየውም አለ። መጋቢት 2012 ነብሮቹ በተመለሱበት ዓመት ሊጉ በኮሮና ምክንያት ሲቋረጥ፣ በዚያው ወር ሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በሕይወት የተረፉት 14 ናቸው። ዜናውን ስሰማ የቆጠርኩት ነገር ለራሴም ይከብደኛል፤ 78 ሰው፣ ሰባት ቡድን ከነትርፉ።

የአከራዬ ልጅ በየትኛው መንገድ እንደሄደ አልጠየቅሁም። በኅዳር አንድ ጠዋት ማሊያው ገመድ ላይ ተሰጥቶ ቀረ። እናቱ ሳምንት ሙሉ አላነሱትም። በየካቲት «ደርሷል» ተባለ፣ እልልታም ሆነ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ቡናዬን ጠጣሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ቤቱን ልለቅ ሳምንት ሲቀረኝ እናቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እስቲ አንድ ነገር ጻፍልኝ። ዛሬ ማታ ይደውላል። በደወለ ቁጥር ‹ግራ መስመር ላይ ማንን አመጡ?› እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ ስሙን ሰው ሲነግረኝ እረሳዋለሁ።»

የፈራሚውን ስም፣ የመጣበትን ክለብ፣ የውሉን ዘመን በትልልቅ ፊደል ጻፍኩላቸው። ቀስ ብለው ፊደል እየቆጠሩ አነበቡት።

«ዕድሜውስ?» አሉኝ። «እሱንም ይጠይቀኛል።»

«ሠላሳ ሁለት» አልኳቸው።

ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። «ታዲያ የሱ እናት ልጃቸው እዚህ መሆኑን ያውቃሉ?» አሉኝ።