ገመዴን አላውስም

ስስታም ነኝ። ብር ለቸገረው ባልደረባ ካለኝ እቆርሳለሁ፤ ፒንሳዬና ካቻቢቴዬ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ይውላሉ፤ መልቲሜትሬንም ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ቀዩንና ጥቁሩን የመለኪያ ገመድ ግን ነቅዬ ኪሴ ከትቼ ነው የምሰጠው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ ገመዱንም አንዴ ያውሱኝ» ሲለኝ «ያንተን ምን ነካው?» እለዋለሁ። ቅር ይለዋል፤ ቅር እንዳለውም አያለሁ። አይቼም አልሰጥም።

ለስስቴ ምክንያት አለኝ። ከርካሽ መልቲሜትር ጋር አብሮ የሚመጣው ገመድ ልባሱ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ በደጋ ብርድ ይገተራል፣ የጋለ የሶልደር ብረት ከነካው ወዲያው ይቀልጣል። ውስጡ ያለው ክር ጥቂት ነው። አንዳንዱማ መዳብ የተቀባ ብረት ስለሆነ ማግኔት ሲያስጠጉት ይሳባል። እንዲህ ያለው ገመድ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ወደ እጀታው በሚገባበት አንገቱ ላይ፣ ከልባሱ ሥር ነው። ከላይ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ሰውየው ብሬከሩን አጠፋሁ ብሎ ሁለቱን ጫፎች ሽቦው ላይ ያሳርፋል፤ ስክሪኑ ዜሮ ይላል። ያጠፋው ብሬከር የሌላ መስመር ቢሆንስ? 220 ቮልቱ እዚያው አለ፤ የተቋረጠው ገመዱ ነው። ዜሮውን አምኖ እጁን ይሰዳል።

እኔ የምፈራው ያንን ዜሮ ነው። ትልቅ ቁጥር ያየ ሰው ይጠነቀቃል፤ ዜሮ ያየ ሰው ጓንቱን ያወልቃል።

ስለዚህ ገመድ ስመርጥ ባለሱቁ እስኪሰለቸው እቆያለሁ። ልባሱ ሲሊኮን ይሁን እላለሁ፤ እጅ ላይ ይተጣጠፋል፣ ሙቀትም ይችላል። መሣሪያው ላይ የሚሰካው የ4 ሚሊ ሜትር ባናና ፕለግ ዙሪያውን የተሸፈነና ሲገባ ጠበቅ የሚል መሆን አለበት፤ ከላላ ንባቡ ይዋልላል። ከዚያ «ካት 3» ወይም «ካት 4» የሚለውን ጽሑፍ እፈልጋለሁ። ቁጥሩ የሚናገረው የት ቦታ ላይ ሊለካበት እንደሚችል ነው፦ 2 ሶኬት ላይ ለሚሰካ ዕቃ፣ 3 ለሕንፃው ማከፋፈያ ሳጥን፣ 4 ደግሞ ለቆጣሪውና ከመንገድ ለሚገባው መስመር። በ3 እና በ4 ቦታ የጫፉ ራቁት ብረት ከ4 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ረጅም ራቁት መርፌ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ሸርተት ካለ ሁለት ፌዝ ያገናኛል፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ 380 ቮልት አለ። ፊት የሚያቃጥለው እሳት ከዚያ ነው የሚነሣው። ፍሉክ ቲኤል175 የሚባለውን የምወደው ለዚህ ነው፤ እጀታውን አዙረው ራቁቱን ጫፍ ከ19 ወደ 4 ሚሊ ሜትር ያሳጥሩታል።

ጽሑፍ እንግዲህ ማንም ያትማል። እዚያው ሱቅ ቆሜ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጌ ሁለቱን ጫፎች አጋጥማለሁ። ደህና ገመድ 0.1 ወይም 0.2 ኦም ቢያሳይ ነው። ከዚያ አንገቱን በጣቴ ወዲህና ወዲያ አጥፋለሁ፤ ቁጥሩ ከዘለለ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። 0.1 ኦም ከቁጥር የማትገባ ትመስላለች፤ 10 አምፔር ሲያልፍባት ግን 1 ቮልት ትበላለች፣ 10 ዋትም ወደ ሙቀት ትለውጣለች።

አሁን የምሠራበትን ጥንድ ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖረው እህቴ ናት ያመጣችልኝ። «ምን ላምጣልህ?» ስትለኝ ሌላ ነገር አልጠየቅኋትም።

እስከዚህ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ራሴን ስመረምር ግን ከእውነቱ ጀርባ ተሸሽጎ አገኘዋለሁ። ገመዴን ስከለክለው ልጁ ሥራውን አይተወውም። አንገቱ በናስትሮ የተጠቀለለውን የራሱን ገመድ ይዞ ወደዚያው ሳጥን ይሄዳል። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ ዝም እላለሁ። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእሱም በፈራሁለት ነበር። ዕቃዬን መውደዴ አለበት፤ ከሌላው የተሻለ ነገር በእጄ መኖሩም ደስ ይለኛል። ለነፍሴ የሳሳሁትን ያህል ለእሱ ነፍስ አልሳሳሁም። ኑዛዜዬ ይህ ነው።

ገመዴን ዛሬም አላውስም፤ በብዙ እጅ የሚጎተት ገመድ መቼ እንደተበጠሰ የሚያውቅ የለም። እህቴን ግን ሌላ ጥንድ እንድትልክ ጠይቄያታለሁ፣ የልጁ ነው። እናንተም ለሠራተኛ መሣሪያ የምትገዙ ሁሉ፣ ለመልቲሜትር ስትመድቡ ለገመዱ ለብቻው መድቡ። ጥሩው እስኪገኝ ደግሞ ልጆቹን ይህን አስለምዷቸው፦ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው የሚታወቅ ሶኬት ላይ ይለኩ፣ ቀጥሎ ጠፋ የተባለውን መስመር ይለኩ፣ እጃቸውን ከማስገባታቸው በፊት ወደ ሶኬቱ ተመልሰው እንደገና ይለኩ። ሦስተኛውን እንዳይዘሉ አደራ።