ያላዘዝነው ገጽ

ንባብ፦ ማርቆስ 7፥14–23



ቤቱ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ያለው ሰው ይህን ችግር ሳያውቀው አይቀርም። አንድ ገጽ እናዛለን፣ ፕሪንተሩ ግን ያላዘዝነውን ያወጣል። አንዳንዴ ከወር በፊት የተላከ ደብዳቤ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ አናቱ ላይ አንድ መስመር የማይነበብ ምልክት ብቻ ያለበት ወረቀት፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይከተላል።

እኛም ቤት ደርሷል። ለእሑድ አምልኮ የሚታደለውን ማስታወቂያ በአኙዋክ፣ በኑዌርና በአማርኛ ቋንቋዎች እያተምን ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ፕሪንተሩ የቆየ ደብዳቤና ትርጉም የሌለው ምልክት ያወጣ ጀመር። አጠፋነው፤ ስናበራው ካቆመበት ቀጠለ። ወረቀቱን ብናነሣበት ወረቀት ስጡኝ እያለ ጠበቀን።

ከምእመናኑ አንድ ወጣት መጥቶ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን የሚያገናኘውን ገመድ መንቀል ነበር። ፕሪንተሩን አጥፍቶ ሲያበራው ዝም አለ። “እንግዲህ ችግሩ ያለው ኮምፒውተሩ ጋ ነው” አለን። ገመዱ ተነቅሎም ማተሙን ቢቀጥል ኖሮ የፕሪንተሩን የራሱን ማስታወሻ፣ ወይም በዋይፋይ የተገናኘ ሌላ ስልክ መፈለግ ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። “አትም” ብለን ስናዝ ጽሑፉ በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ አይሄድም። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ በዲስኩ ላይ አስቀምጦ ወረፋ ያስይዘዋል። ይህን የሚሠራው ፕሮግራም ፕሪንት ስፑለር ይባላል። ወረፋው ዲስክ ላይ ስለሚኖር መብራት ቢጠፋም አይጠፋም።

ወጣቱ ወረፋውን ከፍቶ ሁሉንም ሰረዘ። አንዱ ትእዛዝ ግን “እየተሰረዘ ነው” እያለ አልለቅ አለ። ስለዚህ ሰርቪስስ ከሚለው ቦታ ገብቶ ፕሪንት ስፑለርን አስቆመ። ከዚያ በዊንዶውስ ውስጥ ሲስተም 32፣ በእርሱ ውስጥ ስፑል፣ በእርሱም ውስጥ ፕሪንተርስ የሚለውን ፎልደር ከፈተ። ፎልደሩን ሳይነካ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች አጠፋና ስፑለሩን መልሶ አስነሣ። ምልክቱ ከዚህም በኋላ ቢመለስ ኖሮ ከፕሪንተሩ ሞዴል ጋር የማይስማማ ድራይቨር ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል ትክክለኛውን መጫን ያስፈልግ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ነገር አሳየን። በፕሪንተሩ ማስተካከያ ውስጥ “የታተሙ ሰነዶችን አስቀምጥ” የሚል ምርጫ አለ። እርሱ ላይ ምልክት ካለ፣ ታትሞ ያለቀው ጉዳይ ከወረፋው አይወጣም። ሥራው አልቋል፤ ሰነዱ ግን እንደገና ሊታተም ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። በእኛ ኮምፒውተር ላይ ምልክቱ ነበረበት፤ አነሣው።

ወገኖች፣ የልባችን ነገር ይህን ይመስላል። ጌታችን ሰውን የሚያረክሰው ከውስጥ፣ ከልቡ የሚወጣው እንደ ሆነ አስተምሯል። እኛ ግን ክፉ ቃል ሲወጣ አፋችንን ብቻ ለመዝጋት እንሞክራለን። ያ ፕሪንተሩን ማጥፋት ነው።

በክልላችን በወንድማማች ሕዝቦች መካከል ደም የፈሰሰባቸው ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ በውኃ ቦኖ ላይ ሁለት ሰዎች በጀሪካን ተራ ይጣላሉ። ጠቡ የተራ ነው፤ ከአፍ የሚወጣው ቃል ግን የጎሳ ነው፣ የሌላ ዘመን ነው። ያን ቀን ማንም ያላዘዘው ገጽ ነው። አባቶች በቁጣቸው ጊዜ የላኩት ትእዛዝ በልጆች ምላስ ይታተማል። ባሮን ተሻግሮ የሚኖረውን ጎረቤቱን በዓይኑ ያላየ ሕፃን እንኳ የሚጠላበትን ምክንያት በቃሉ ያውቃል።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ፍቅር ሲጽፍ፣ ፍቅር የበደል መዝገብ እንደማይዝ ተናግሯል (1 ቆሮ. 13)። ይህ በደሉ በደል አልነበረም ማለት አይደለም። ለፍርድ የሚገባው ወደ ፍርድ ይሂድ፣ ለሽማግሌ የሚገባው ወደ ሽማግሌ ይቅረብ። ነገር ግን ታርቀን፣ አብረን በልተን፣ አብረን ጸልየን ያለቀውን ጉዳይ ለነገ ጠብ ብለን የምናስቀምጥ ከሆነ፣ ያ ምልክት ገና አልተነሣም።

አልለቅ የሚል ትእዛዝም አለ። ወንድሙን የቀበረ ሰው “ይቅር በል” ስለ ተባለ ብቻ አይለቀውም። እንዲህ ላለው ወገን አንቸኩል፤ አብረነው እንቀመጥ፣ እናልቅስ። እስከዚያ ጥልቅ ስፍራ የሚገባ አንድ ጌታ ብቻ ነው፤ እርሱም በቆላስይስ 2 እንደምናነበው የዕዳችንን ሰነድ በመስቀሉ የሻረ ነው። እኛ ዕዳችን የተሰረዘልን ሰዎች ነን። ይህን ጌታ ገና ለማታውቁ አንባቢዎቻችንም በሩ ክፍት ነው።

በዚህ ሳምንት ቁጣ ከአፋችን ሲወጣ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይህ ቃል የተላከው መቼ ነው?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ በልባችን ተራ ይዞ የሚጠብቀውን አንተ ታያለህ። እኛ ልንሰርዘው ያቃተንን አንተ ሰርዝልን። ልጆቻችን የእኛን ቂም እንዳይወርሱ እርዳን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።