ስድስት ወር ነበራት

የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ «አንቀጽ 34» ብዬ እጽፍና ባልና ሚስት ሲጋቡም፣ በትዳር ሲኖሩም፣ ሲፋቱም መብታቸው እኩል መሆኑን ለላሊበላ ልጆች አስተምራለሁ። በሰኔ 2012 ዓ.ም እህቴ ደጄን አንኳኩታ «ወንድምዓለም፣ ልፈታው ነው፤ ከመክሰሴ በፊት ምን ልያዝ?» ስትለኝ ግን የመለስኩላት «ተይ እታለም፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ይየው» ብዬ ነው።

ታላቄ ናት። እንዲህ ያለውን ነገር ሳታወጣ ሳታወርድ ከአፏ አታወጣውም። ባሏ አስጎብኚ ነበር፤ ኮሮና በመጋቢት ቱሪስቱን ካስቀረው ወዲህ ገንዘቡን መደበቅ፣ ማደሪያውን መለወጥ ጀምሯል። ቤቱ ደግሞ እሱ ከፈረንጅ ባገኘው ብቻ አልተሠራም። ሃያ ዓመት ሙሉ የገናን እንግዳ እግሩን አጥባ እየተቀበለች፣ ጠላ እየጠመቀች፣ ክፍል እያከራየች የቋጠረችው አለበት። ካርታው ግን በእሱ ስም ነው። ገጠር ላስታ ቢሆኑ ኖሮ የመሬቱ ደብተር ላይ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፍ ነበር።

«የካርታውን ቅጂ ላንሳ? የሰማንያው ወረቀት ከዋሱ ዘንድ ነው፣ ላምጣው? የእቁቤ ተራ በነሐሴ ነው፤ በራሴ ስም ደብተር ላውጣ?» አለችኝ።

«ይህማ ጦር መስበቅ ነው» አልኳት።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ፊደል ያልቆጠረችው እህቴ መንገዱን ይዛው ነበር፤ የተማርኩት እኔ መለስኳት። የእቁቡ ብር በስሟ ቢገባም የጋራ መሆኑ አይቀርም፤ ግን የጠበቃና የጤፍ ይኖራት ነበር። ክልላችን በ1995 ዓ.ም ያወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79፣ መደርደሪያዬ ላይ አቧራ ጠጥቶ አለ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው፤ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። ከፍቺው አቤቱታ ጋር የእግድ ማመልከቻ ብታስገባ፣ ዳኛው ሲቀበላት ለማዘጋጃ ቤቱ «ስም እንዳታዛውር» የሚል ትእዛዝ ይሄድላት ነበር። የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። አንድ ሳምንት!

እኔ ግን ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ሽማግሌ ድሮ ሥልጣን ነበረው፤ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። አዲሱ ሕግ ለፍርድ ቤት ካዛወረው ወዲህ ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም፤ ቤት እንዳይሸጥም ማገድ አይችልም። ይህንንም አውቀው ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ይፈላል፣ ባልየው አንገቱን ደፍቶ «እናንተ እንዳላችሁ» ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። በነሐሴ ከየት እንዳወጣው እንጃ፣ «ያላገባ» የሚል ወረቀት ይዞ ቤቱን ሸጠው። እህቴ የሰማችው በመስከረም ነው።

ያኔም አልረፈደም ነበር። ያለ ፈቃዷ የተሸጠባት ሚስት ውሉ እንዲፈርስላት መጠየቅ ትችላለች፤ ካወቀችበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር አላት። ከመስከረም እስከ መጋቢት። ዳግመኛ መጣች። ዳግመኛ መለስኳት፦ ገዢው የምናውቀው ሰው ነው፣ በሽማግሌ እንጨርሰዋለን፤ ገና ይለፍ፤ ጥምቀት ይለፍ፤ ጾሙ ይግባ። ገናውም አለፈ፣ ጾሙም ገባ።

ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ገባ። ባንኩም ፍርድ ቤቱም ተዘጋ፤ ወራት እንደዚያው ሆነ። የቤቱን ነገር ሰው ሲጠይቀኝ «ምን ይደረግ፣ ጦርነቱ አበላሸው» ስል ከረምኩ። ውሸቴን ነው። ስድስቱ ወር ያለቀው ጦርነቱ ከመግባቱ አራት ወር ቀድሞ ነው። ጥይት ሳይተኮስ፣ መንገድ ሳይዘጋ፣ እኔ ቡና እየጠጣሁ ነው ያለቀው።

ከተማው ሲረጋጋ ጠበቃ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውየው ሌላ ነገር አልጠየቀም፤ «ሽያጩን መቼ ሰማሽ?» አላት። እውነቱን ነገረችው። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሽያጩን መንካት እንደማይቻል፣ ግማሹን ዋጋ ከባልየው መጠየቅ ግን እንደምትችል አስረዳን። ባልየው ብሩን ይዞ ከወጣ ዓመት አልፎታል፤ ከማን ይቀበሉታል?

ስንወጣ እንድትወቅሰኝ ጠበቅኩ። «እንግዲህ አንተም ለእኔው ብለህ ነው» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ከድሮ ቤቷ ፊት ለፊት አንድ ክፍል ተከራይታለች። ባለፈው ገና በየዓመቱ እሷ ዘንድ የሚያርፉ እንግዶች በእግራቸው ደርሰው የድሮውን በር አንኳኩ። የማያውቁት ሰው ከፈተላቸው። ከማዶ ሆነን እናያለን። ልጠራቸው ስነሣ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።